የተርቦ ሞተር ቴስታታ

ቴስታታ በሞተር ብሎክ ላይ ተደፍቶ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋ፣ ከቀለጠ ብረት ወይም አሉሚኒየም ተቀርጾ የሚወጣ አካል ነው። ቫልቮቹ፣ የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ መተላለፊያዎቹ፣ የውሃና የዘይት መሄጃዎቹ በውስጡ ይገኛሉ። በቤንዚን ሞተር ካንዴላው፣ በናፍጣ ሞተር ደግሞ ኢንጀክተሩ የሚሰካው በእሱ ላይ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ከ«ራስ» ጋር ይዛመዳል፤ ቡሎን፣ ቶርኖና ማርሚታ ወደ ኢትዮጵያ ጋራዥ የገቡትም በዚያው መንገድ ነው።

ተርቦ ላለው ሞተር ቴስታታ ሲመረጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ያህል አየር እንደሚያሳልፍ ነው። ጥያቄው ተርቦ ለሌለው ሞተር ትክክል ነው፤ እንዲህ ያለው ሞተር አየር የሚያገኘው ራሱ ስቦ ብቻ ነውና። ተርቦ ግን አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ የመተላለፊያው ጥበት በከፊል ይካካሳል። ሙቀትና ግፊት የማይችል ቴስታታ ግን ማካካሻ የለውም፤ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ጥንካሬውና የማቀዝቀዝ አቅሙ፣ ቀጥሎ ከብሎኩና ከፒስተኑ ጋር መስማማቱ፣ በመጨረሻም አየር የማሳለፍ ችሎታው ነው። እንደ ጎንደርና ሰሜን ጎንደር ባሉ ከፍታ ቦታዎች ይህ ቅደም ተከተል ይበልጥ ይጠብቃል።

የግፊቱና የሙቀቱ መጠን

ዲያሜትሩ 96 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር አፉ 72 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት አለው። በዘመናዊ የናፍጣ ተርቦ ሞተር ውስጥ ነዳጁ በሚቃጠልበት ቅጽበት ግፊቱ 160 ባር ሊደርስ ይችላል። ሁለቱ ሲባዙ በአንድ ሲሊንደር ላይ ብቻ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ወደ 12 ቶን ክብደት ይጠጋል። በደቂቃ 3,000 ዙር በሚዞር ባለ አራት ምት ሞተር ይህ ግፊያ በእያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይደጋገማል። ይህን ሁሉ የሚይዙት የቴስታታው ቡሎኖች ናቸው። በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ጋስኬት ደግሞ ጋዙን፣ ውሃውንና ዘይቱን እንዳይደባለቁ ለይቶ ይይዛል።

ሙቀቱም ቀላል አይደለም። ከናፍጣ ተርቦ ሞተር የሚወጣው ጭስ በከባድ ጭነት ጊዜ ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በቤንዚን ተርቦ ከ950 ሊያልፍ ይችላል። ተርባይኑ በጭሱ መንገድ ላይ ስለሚቆም ጭሱ እንደ ልብ አይወጣም፤ ታፍኖ በመተላለፊያው ውስጥ ግፊትና ሙቀት ይፈጥራል። ይህን ሙቀት ይበልጥ የሚቀበለው በሁለት ቫልቮች መካከል ያለው ቀጭን ብረት ነው። በአንድ በኩል እሳት፣ በሌላ በኩል ውሃ፣ መካከሉ ጥቂት ሚሊሜትር። አብዛኛው ስንጥቅ የሚጀምረው እዚህ ነው።

በደጋ አገር

ከታች ያሉት ቁጥሮች በመደበኛው የከባቢ አየር ቀመር የተሰሉ ናቸው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 77 በመቶ ያህል ነው። በ2,850 ሜትር አካባቢ ያለችው ደባርቅ ላይ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጎንደር ሲደርስ ከሚያስገባው አየር ሩብ የሚጠጋውን ያጣል ማለት ነው።

ተርቦ ታሪኩም ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ለሐሳቡ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ 4,300 ሜትር ወደሚደርሰው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወርዶ ነበር፤ ተርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። የሙከራው ቦታ ከፍታ በሰሜን ተራሮች ከቧሂት መተላለፊያ ጋር የሚቀራረብ ነው።

የተርቦው ምላሽ እንደ መቆጣጠሪያው ዓይነት ይለያያል። በሜካኒካል ዌስትጌት፣ ማለትም ትርፍ ጭስን በሚያሳልፍ ባለ ስፕሪንግ ቫልቭ የሚሠራ ተርቦ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። በ0.7 ባር የተስተካከለ ከሆነ በባሕር ወለል ሞተሩ የሚያገኘው አጠቃላይ ግፊት 1.7 ባር፣ ጎንደር ላይ ግን 1.48 ባር ነው። ስለዚህ ይህም ቢሆን ይደክማል፤ ጉድለቱ ግን 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በኮምፒዩተር የሚመራ ተርቦ በበኩሉ የተጓደለውን ለመሙላት ይጥራል። ጎንደር ላይ 1.7 ባር ለማግኘት አየሩን 2.2 ጊዜ ማመቅ አለበት፤ በባሕር ወለል 1.7 ጊዜ ይበቃው ነበር። ተርቦው 70 በመቶ ብቃት ቢኖረው 20 ዲግሪ የነበረው አየር በመጀመሪያው ሁኔታ 126፣ በሁለተኛው 89 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል። ኢንተርኩለር ከሌለ ወይም በአቧራ ከተደፈነ ያ ትርፍ ሙቀት በቀጥታ ወደ ቴስታታው ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ውሃው ነው። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ጎንደር ላይ በ93፣ ደባርቅ ላይ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት ደግሞ በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ገደማ ነው። ሞተሩ ጤናማ ሆኖ የሚሠራበት ሙቀት በደጋ ውሃ ከሚፈላበት በላይ ነው ማለት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ጎንደር ላይ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያለው መኪና መተማ ላይ ምንም ሳያሳይ ሰንብቶ አይከልን አልፎ ጎንደር ሲደርስ ሊፈላ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው ሲፈላ በቫልቮቹ ዙሪያ የእንፋሎት አረፋ ይቋጠራል። እንፋሎት ሙቀትን እንደ ውሃ ተቀብሎ ስለማይወስድ ብረቱ በሰከንዶች ውስጥ እጅግ ይግላል።

የደጋው መንገድ ይህን ሁሉ ያባብሰዋል። ከዛሪማ ወደ ደባርቅ በሊማሊሞ የሚወጣ የተጫነ መኪና በአጭር ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ማርሹ ዝቅተኛ፣ ሞተሩ በሙሉ ጭነት፣ መኪናው ግን ዘገምተኛ ስለሆነ ከፊት የሚመጣው ነፋስ አነስተኛ ነው። የፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደግሞ ለቴስታታ ክፉ ነው፤ የጋለው ብረት በአንድ ጎኑ ብቻ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ሞተሩን ሳያጠፉ ያለ ጭነት ጥቂት ማሠራት፣ ከዚያም አጥፍቶ እስኪበርድ መጠበቅ ይሻላል። ውሃው አልቆ ከሆነ ግን ወዲያውኑ ማጥፋት ግድ ነው።

ብረት ወይስ አሉሚኒየም

የብረት ቴስታታ ከባድ ነው፤ ሙቀትንም ቀስ ብሎ ያስተላልፋል። ነገር ግን ከብረት ብሎክ ጋር እኩል ይለጠጣል፣ ሲግልም ጥንካሬውን ቶሎ አያጣም። አሉሚኒየም ቀላልና ሙቀትን ሦስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ የሚያስወግድ ሲሆን ለቤንዚን ተርቦ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የማቃጠያው ክፍል ሲቀዘቅዝ ነዳጁ ያለጊዜው አይፈነዳም። ድክመቱ ከ200 ዲግሪ በላይ መለስለሱና ከብረት እጥፍ ያህል መለጠጡ ነው። ርዝመቱ 500 ሚሊሜትር የሆነ ቴስታታ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር፣ ብረት ከሆነ 0.44፣ አሉሚኒየም ከሆነ 0.88 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። አሉሚኒየም ቴስታታ በብረት ብሎክ ላይ ሲቀመጥ ሞተሩ በሞቀና በበረደ ቁጥር ጋስኬቱ ላይ ይንሸራተታል ማለት ነው። ተርቦ ላላቸው ሞተሮች ባለ ብዙ ንብርብር የብረት ጋስኬት የሚመረጠው ይህን መንሸራተት ስለሚችል ነው።

ከሁለቱ አንዱ ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይቻልም። ለከባድ መኪና ብረት፣ ለአነስተኛ መኪና አሉሚኒየም መለመዱ እውነት ነው። ማቀዝቀዣው በየጊዜው ለሚጓደል መኪና ግን ብረት የበለጠ ይቅር ባይ ነው፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ የጋለ አሉሚኒየም ቴስታታ ቀጥ ተደርጎ ቢላግም የጠፋው ጥንካሬው አይመለስም።

የላንድክሩዘሩ ምሳሌ

በኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው የቶዮታ 1ኤችዜድ ሞተር ነው። በአምቡላንስ፣ በእርዳታ ድርጅት መኪናና በአስጎብኚ ላንድክሩዘር ውስጥ በብዛት የሚታየው ይህ ሞተር ባለ 6 ሲሊንደርና 4,164 ሲሲ ሲሆን ተርቦ የለውም። ዕድሜው ረጅም መሆኑ የታወቀ ነው፤ በዳገት ላይ ግን ይደክማል። ስለዚህ ባለቤቶች ከፋብሪካ ውጭ ተርቦ ሊያስገጥሙለት ይፈልጋሉ።

የሚቸገሩት ቴስታታው ላይ ነው። 1ኤችዜድ ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ አይረጭም፤ መጀመሪያ ቴስታታው ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ክፍል ውስጥ ይረጨዋል፣ እሳቱ እዚያ ተነሥቶ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል። በዚህ አሠራር ከሙቀቱ ብዙው የሚቀረው ቴስታታው ውስጥ ነው። የመጭመቅ ምጣኔውም 22 ለ1 ገደማ ስለሆነ ተርቦ ሳይጨመርበት እንኳ ከፍተኛ ነው። ተርቦ ተገጥሞ ነዳጅ ሲጨመርበት በትንሿ ክፍልና በቫልቮቹ መካከል ያለው ብረት ይሰነጠቃል።

ቶዮታ ራሱ ተርቦ ሲፈልግ የሠራው 1ኤችዲ-ቲ የተባለውን ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ጉዞ ከ1ኤችዜድ ጋር አንድ ነው፤ 94 በ100 ሚሊሜትር፣ ያው 4,164 ሲሲ። ቴስታታው ግን ሌላ ነው፤ ትንሿ ክፍል የለችም፣ ኢንጀክተሩ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል፣ እሳቱም የሚነሣው በፒስተኑ ራስ ላይ በተቆፈረ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። የመጭመቅ ምጣኔው ወደ 18.6 ወርዷል። በጃፓን ገበያ 1ኤችዜድ 135 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ 1ኤችዲ-ቲ 165 ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የመጣው 1ኤችዲ-ኤፍቲ ደግሞ በሲሊንደር አራት ቫልቭ ያለው ሲሆን፣ በዚህ ዓይነት ቴስታታ ኢንጀክተሩን መሐል ላይ ማቆም ስለሚቻል እሳቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰራጫል።

«እንግዲያው የ1ኤችዲ-ቲን ቴስታታ ገዝቶ 1ኤችዜድ ላይ መድፋት ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። አይሆንም። የ1ኤችዜድ ፒስተን ያ ጎድጓዳ የለውም፤ ፒስተኑ፣ ኢንጀክተሮቹና የነዳጅ ፓምፑ አብረው ካልተለወጡ ቴስታታው ብቻውን አይሠራም። ይህ ሁሉ ከሚለወጥ ሙሉ ሞተር መፈለግ ይቀላል። 1ኤችዜድን ይዞ ተርቦ መግጠም የግድ ከሆነ ግፊቱን ዝቅ ማድረግ፣ ነዳጁን አለማብዛትና የጭሱን ሙቀት የሚለካ ጌጅ መግጠም ያስፈልጋል። ዓላማው በከፍታ የጠፋውን አየር መመለስ ብቻ ከሆነ፣ ጎንደር ላይ 0.25 ባር ገደማ የባሕር ወለሉን ግፊት ስለሚተካ ከዚያ በላይ መግፋት ቴስታታውን መፈታተን ነው።

መተላለፊያ፣ ቫልቭና የክፍሉ መጠን

በተርቦ ሞተር እጅግ የሰፋ የአየር መተላለፊያ በዝቅተኛ ዙር አየሩን ያዘገየዋል፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ይጎትታል። የጭሱ መተላለፊያ ደግሞ አጭርና ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል፤ ጭሱ ሙቀቱን ሳያባክን ተርባይኑ ዘንድ ሲደርስ ተርቦው ቶሎ ይነቃል። እንደ ፎርድ ባለ 1.0 ሊትር ኢኮቡስት ባሉ አዳዲስ ሞተሮች የጭሱ ማኒፎልድ ከቴስታታው ጋር አንድ ላይ ተቀርጾ በውሃ ይቀዘቅዛል። ጭሱ ተርባይኑ ጋ ሲደርስ ሙቀቱ ስለሚቀንስ፣ ለማቀዝቀዝ ተብሎ የሚባክነው ቤንዚን ያንሳል።

የጭስ ቫልቭ ከተራ ብረት ይልቅ ኒኬል ከበዛበት ቅይጥ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። አንዳንዶቹ ግንዳቸው ክፍት ሆኖ በከፊል በሶዲየም የተሞላ ነው። ሶዲየም በ98 ዲግሪ ቀልጦ ወዲያ ወዲህ ሲናጥ ሙቀቱን ከቫልቩ ራስ ወደ ግንዱ ያመላልሳል። እንዲህ ያለውን ቫልቭ ቆርጦ ወይም በዌልድ ጠግኖ መጠቀም አደገኛ ነው፤ ሶዲየም ውሃ ሲነካው ይነድዳል።

የቤንዚን ሞተር ቴስታታ ሲቀየር የማቃጠያው ክፍል መጠን ካልተለካ ትልቅ ስሕተት ይሠራል። ባለ 2 ሊትርና 4 ሲሊንደር ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደሩ 500 ሲሲ ነው። ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ክፍተት 62.5 ሲሲ ከሆነ የመጭመቅ ምጣኔው 9 ለ1፣ 55.6 ሲሲ ከሆነ 10 ለ1 ይሆናል። ሰባት ሲሲ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ በተርቦ ሞተር ግን ደኅና ሠርቶ በሚያድር ፒስተንና በሚበሳ ፒስተን መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል። ከመግጠም በፊት ክፍሉን በሲሪንጅ ዘይት እየሞሉ መለካት ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል።

ያገለገለ ቴስታታ

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ያሉትን ሞተሮች ጠግኖ ማቆየት የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ያገለገለ ቴስታታ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት በአካሉ ላይ ተቀርጾ የሚገኘውን ቁጥር ነው። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቴስታታዎች የውሃ ቀዳዳቸው በጥቂት ሚሊሜትር ሊለያይ ይችላል፤ የጋስኬቱን ቀዳዳዎች በላዩ ላይ አስተያይቶ ማየት ይህን ያጋልጣል።

ቀጥሎ ስንጥቅ ይፈለጋል። በዓይን የሚታይ ስንጥቅ ሁሉ መጣያ ምክንያት አይደለም፤ አንዳንድ አምራቾች በቫልቮች መካከል የሚታይ አጭርና ውሃ ጋ ያልደረሰ ስንጥቅን ይፈቅዳሉ። ወሳኙ የግፊት ፈተና ነው፤ የውሃ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው አየር ይሞላበትና ቴስታታው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ውሃው ሙቅ መሆን አለበት፤ ሲበርድ የሚገጥምና ሲግል የሚከፈት ስንጥቅ ብዙ ነውና። ቀለም ዘልቆ የሚያሳየው ዘዴ ለሁለቱም ማቴሪያል ሲሠራ፣ በማግኔት የሚደረገው ለብረት ብቻ ነው።

ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፊቱ ላይ በርዝመት፣ በወርድና በአግድም እየተጋደመ ከሥሩ የሚገባው ክፍተት በስስ መለኪያ ይታያል። ትክክለኛው ገደብ በሞተሩ መመሪያ ላይ ያለው ቢሆንም ለብዙ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ መላግ ያስፈልጋል፤ መላግ ግን ወሰን አለው። በቤንዚን ቴስታታ ክፍሉን ያጠብባል። ፊቱ ጠፍጣፋ በሆነ የናፍጣ ቴስታታ ደግሞ ቫልቮቹን ወደ ፒስተኑ ያስጠጋል። ካምሻፍቱ በቴስታታው ላይ የሚዞር ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፤ የተጣመመ ቴስታታ ከታች ብቻ ሲላግ ታቹ ቀጥ ይላል፣ የካምሻፍቱ መቀመጫ ግን እንደ ተጣመመ ይቀራል፤ ካምሻፍቱም ይነክሳል ወይም ይሰበራል።

በአርጎን የተበየደ አሉሚኒየም ቴስታታ በሚገባ ቀድሞ ሞቆና ቀስ ብሎ በርዶ ከተሠራ ሊያገለግል ይችላል። በቫልቮቹ መካከል የተበየደን ግን ለተርቦ ሞተር መግዛት አይመከርም።

ሲገጠም

ጥሩ ቴስታታ በመጥፎ አገጣጠም ይበላሻል። በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች የቴስታታ ቡሎን የሚታሰረው እስኪለጠጥ ድረስ ነው፤ መጀመሪያ በተወሰነ ኃይል፣ ከዚያ በዲግሪ እየተለካ። እንዲህ ያለ ቡሎን አንዴ ከተለጠጠ በኋላ ተመልሶ እኩል አይዝም፤ ስለዚህ ይቀየራል ወይም ርዝመቱ ከመመሪያው ጋር ይመዘናል። በብሎኩ የቡሎን ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ዘይትና ውሃ ተጠርጎ ካልወጣ ቡሎኑ ሲገባ ፈሳሹ ታፍኖ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። እሰራው ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር ይሄዳል።

የናፍጣ ሞተር ጋስኬት በተለያየ ውፍረት ይሸጣል፤ ውፍረቱም በጠርዙ ላይ ባሉ ምልክቶች ይለያል። የትኛው እንደሚገጠም የሚታወቀው ፒስተኖቹ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚሉ በመለካት ነው። የድሮውን ምልክት ዐይቶ ያንኑ መግዛት የሚያዋጣው ፒስተንና ብሎክ ካልተነኩ ብቻ ነው።

ተርቦ ያላቸው ሁሉ አንድ ወጥ ቴስታታ የላቸውም። በሲኖትራክ ሆዎ ላይ የተለመደው ደብሊውዲ615 ሞተር 9.7 ሊትርና 6 ሲሊንደር ያለው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የብረት ቴስታታ አለው። አጫጭር ስለሆኑ እንደ ረጅሙ አይጣመሙም፤ አንዱ ቢሰነጠቅ አምስቱን ሳይነኩ እሱን ብቻ አውርዶ መቀየር ይቻላል። ሲገጠሙ ግን ማኒፎልዱ የሚያርፍባቸው ፊቶች በአንድ መስመር መዋላቸው በማስመሪያ ካልታየ ማኒፎልዱ ሲታሰር ይሰበራል ወይም ጭስ ያስወጣል።